ሆጃ፣ ቆርኪና የሳሙና አረፋ፦ ዘግይቶ የሚናገር አንድ የድሬዳዋ ልጅ የ12 ሳምንት የቋንቋ ሥራ

ልጁ አራት ዓመት ከሁለት ወሩ ነበር። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ከእናቱ፣ ባጃጅ ከሚነዳው አባቱ፣ ከስምንት ዓመት እህቱና ከአባቱ እናት ጋር ይኖራል። እናትና አባቱ በአማርኛ ያወሩታል፣ አያቱ በኦሮምኛ። ኬጂ 1 በገባ በአምስተኛው ወር፣ በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ አስተማሪው እናቱን ጠርታ ልጁ ክፍል ውስጥ ከሁለት ሦስት ቃል በላይ እንደማይወጣው፣ የፈለገውንም እጅ እየጎተተ እንደሚያሳይ ነገረቻት። ቤት ውስጥ አንድ ቋንቋ ብቻ ይነገረው የሚል ምክርም ጨመረችላት። ጎረቤት ደግሞ የየራሱን አለ። ምላሱ ታስሮ ይሆናል፣ ይቆረጥ ያለ ነበር፤ እንጥሉ ነው ያለም ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበሩት 12 ሳምንታት የተደረገው፣ የያዘውም ያልያዘውም፣ ከዚህ በታች ተጽፏል። የልጁን ማንነት የሚያሳዩ ነገሮች ሆን ተብሎ ተትተዋል።

ጆሮው ቀደመ

ዘግይቶ የሚናገር ልጅ ሁሉ፣ ወላጁ «ኧረ ደህና ይሰማል» ቢልም፣ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ጆሮው ይመረመር። በከፊል የማይሰማ ልጅ በር ሲንኳኳ ይዞራል፣ ስሙ ሲጠራም ይመጣል፤ እንደ «ስ»፣ «ፍ» እና «ሽ» ያሉት ቀጫጭን ድምፆች ግን ያመልጡታል። የዚህ ልጅ ግራ ጆሮ በደረቀ ኩክ ተደፍኖ ተገኘ። ሆስፒታል በጠብታ እንዲለሰልስ ተደርጎ ወጣለት፣ ድጋሚ ሲመረመርም ሁለቱም ጆሮዎቹ ደህና ነበሩ። በክብሪት እንጨት ወይም በጥጥ ዘንግ ቤት ውስጥ መጎርጎር ኩኩን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ታምቡርም ሊቀድ ይችላል። ኩኩ ከወጣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ንግግሩ እንደነበረ ስለቆየ ነገሩ ሌላ መሆኑ ታወቀ።

ምላሱም ታየ። ከከንፈሩ አሳልፎ ያወጣዋል፣ የላይኛው ከንፈሩ ላይ የተቀባለትን ማርም ይልሳል። የታሰረ ምላስ ቢኖር እንኳ አንዳንድ ድምፆችን ያበላሽ ይሆናል እንጂ ልጅን ቃል አልባ አያደርገውም። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ለንግግር አንዳች አይጠቅምም፤ ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል። ቤተሰቡ ይህ ሲነገረው ሐሳቡን ተወ፣ ለዚህም ምስጋና ይገባዋል፤ የጎረቤትን ግፊት ችሎ መቆም ቀላል አይደለምና።

ሌሎች የሚያሳስቡ ምልክቶችም አንድ በአንድ ተጠየቁ። ስሙ ሲጠራ ይዞራል፣ የፈለገውን በጣቱ ይጠቁማል፣ ያየውን ለሰው ለማሳየት ዓይን ይፈልጋል፣ ባዶ ስኒ አንስቶ እንደሚጠጣ ይጫወታል፣ የነበረውን ቃል አልረሳም። ከእነዚህ አንዱ ጎድሎ ቢሆን፣ በተለይ የነበረው ቃል ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ ከቤት ጨዋታ በፊት መንገዱ ወደ ሕፃናት ሐኪም ይሆን ነበር።

በሁለቱም ቋንቋ መቁጠር

የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያዋ የምትሠራው አዲስ አበባ ነው። በ12ቱ ሳምንታት ልጁን በአካል ያየችው ሦስት ጊዜ ብቻ ሲሆን የቀረውን ሥራ የተከታተለችው እናትየው በቴሌግራም በምትልክላት የሁለት ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። የመጀመሪያ ትእዛዟ የወጥ ቤቱ በር ላይ ወረቀት እንዲለጠፍ ነበር። ለሦስት ቀን ልጁ ራሱ፣ ሳይባልለት፣ ያወጣው ቃል ሁሉ ተጻፈ። «ጣሳ»ን «ታሳ» ቢልም ሁልጊዜ እንዲያ የሚለው ከሆነ ይቆጠርለታል። አማርኛውን እናቱ ጻፈች፤ ኦሮምኛውን አያቱ እየነገረቻት እህቱ ጻፈች።

61 የአማርኛና 44 የኦሮምኛ ቃል ተገኘ። 23ቱ ነገሮች በሁለቱም ቋንቋ ስም ስለነበራቸው ልጁ ስም ያለው ለ82 ነገር ነው ማለት ነው። አስተማሪዋ የምታየው አማርኛውን ብቻ፣ ከእሱም ክፍል ውስጥ ደፍሮ የሚያወጣውን ጥቂቱን ነበር። ይሁን እንጂ 82ም ትንሽ ነው። የአራት ዓመት ልጅ አራትና ከዚያ በላይ ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅም ቢያንስ በአንደኛው እንዲሁ ነው። ቋንቋ መብዛቱ ቢሆን ኖሮ ችግሩ፣ ኦሮምኛው ደህና ሆኖ አማርኛው ብቻ ይንገዳገድ ነበር። ይህ ልጅ በሁለቱም ዘግይቷል። ስለዚህ ምክንያቱ የቋንቋው ቁጥር አይደለም፣ አንዱን ማስቀረትም አያድነውም። አያቱ ዝም ትበል ማለት ደግሞ ከቤቱ ሰው ሁሉ ከልጁ ጋር ረዥም ሰዓት የምትውለውን ሰው አፍ መዝጋት ነው። ይህ ምክር በድሬና በሐረር በየቤቱ ይሰጣል፤ አጥብቀን እንቃወመዋለን።

ወረቀቱ ሌላም ነገር አወጣ። አስተማሪዋ «ሳይቸግረው ና ይለኛል» ብላ ነበር። ልጁ እጁን ዘርግቶ «ና» ሲል እሷ ትጠጋዋለች፣ እሱ ግን ይበሳጫል። አያቱ ነገሩን በአንድ አፍታ ፈታችው፦ በኦሮምኛ «ና ኬኒ» ማለት «ስጠኝ» ነው። ልጁ የሚጠይቀው ክሬን (ባለቀለም መሳያ) ነበር። ለወራት ጠይቆ ምላሽ ሲያጣ መጠየቁን ትቶ መጎተት ጀመረ።

ሌላው መለኪያ ከእህቱ ጋር ሲጫወት በስልክ የተቀረጸ የ15 ደቂቃ ቪዲዮ ነው። የፈለገውን ለመግለጽ 41 ጊዜ ሞከረ። 19ኙ ቃል አልነበራቸውም፤ መጎተት፣ መጠቆም፣ «እእ» ማለት ነበሩ። 17ቱ አንድ ቃል፣ 5ቱ ሁለት ቃል ነበሩ። እዚህ ላይ ለአማርኛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «አልሰጥህም» በወረቀት ላይ አንድ ቃል ነው፤ በውስጡ ግን ተናጋሪው፣ ድርጊቱ፣ ተቀባዩና እምቢታው አሉ። ስለዚህ «አልሰጥህም» የሚል ልጅ «ዳቦ ውሃ» ከሚለው ይበልጥ ቋንቋ ይዟል። በሌላ በኩል ቃሉን እንዳለ ሸምድዶትም ሊሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ «አልበላም»፣ «አልሄድም» እያለ በሌላ ግስ ላይ ያውለዋል ወይ? ይህ ልጅ «አልፈልግም» ብቻ ነበረው፤ ስለዚህ እንደ አንድ ቃል ተቆጠረ።

አስተማሪዋ ወንዱን ጓደኛውን «ነይ» ይለዋል ብላም ስህተት ይዛ ነበር። ቪዲዮው ሲታይ እናቱ ራሷ ልጁን ስታቆላምጠው «ነይ የኔ ቆንጆ» ትለዋለች። ወንድ ልጅን በሴት አንቀጽ ማቆላመጥ በየቤቱ ያለ የፍቅር ቋንቋ ነው፣ ይቅር የሚልም የለም። የጾታው ነገር ለኋላ ተይዞ ከስህተት ዝርዝሩ ወጣ።

ዕቃው

የተገዛው ሦስት ነገር ነው፦ ጥቅል ፕላስተር፣ አንድ ማርከር፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና። የቀረው ከቤት ተገኘ። የለውዝ ቅቤ የመጣበት ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ከነክዳኑ፣ ሦስት የቲማቲም ድልህ ጣሳ (ጠርዛቸው በፕላስተር የተሸፈነ፣ እጅ እንዳይቆርጥ)፣ 20 ቆርኪ፣ አንድ የትራስ ልብስ፣ ባዶ የሳሙና፣ የሻይ ቅጠልና የብስኩት ካርቶኖች። ዕቃዎቹ ሁሉ ማዳበሪያ ውስጥ ገብተው ከፍ ያለ ቦታ ተሰቀሉ። ከፍታው ሁለት ጥቅም አለው። ልጁ ሲፈልጋቸው ሰው መጠየቅ አለበት፤ ደግሞም ግቢው ውስጥ የምትድህ የጎረቤት ልጅ ስላለች ቆርኪ ጉሮሮዋ ሊገባ ይችላል። ከጨዋታ በኋላ ቆርኪው ሁልጊዜ ይቆጠራል፣ 20 ካልሞላ ይፈለጋል።

የተያዘው ሰዓት በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ነው። ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት፣ ማታ ከ11 በኋላ። በድሬ ሙቀት ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ልጅን ቁጭ አድርጎ ማጫወት ለሁለቱም ወገን መከራ ነው።

የተከደነው ዕቃ

አንድ ብስኩት ለስምንት ይሰበራል። አንድ ቁራጭ ግልጹ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ጠበቅ ተደርጎ ይዘጋና ለልጁ ይሰጠዋል። ብስኩቱ ይታየዋል፣ መክፈት ግን አይችልም። እናቱ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፣ ታየዋለች፣ ዝም ትላለች። አንድ ብስኩት ስምንት ቁራጭ የሆነው ልጁ እንዲጠይቅ ስምንት ጊዜ ምክንያት እንዲያገኝ ነው፤ ሙሉውን ብትሰጠው ጨዋታው በአንድ ጉርሻ ያልቃል።

የመጀመሪያው ሳምንት ተበላሸ። እናቱ «ክፈቺልኝ በል! በላ! ክፈቺልኝ በል!» ትለዋለች፣ ልጁ ዕቃውን አስቀምጦ ይሄዳል። «በል» ፈተና ነው። ፈተና ሲመጣ የሚዘጋው ደግሞ ለመናገር የሚቸገረው ልጅ ነው፣ ምክንያቱም ከዚህ በፊት የወደቀበትን ያውቃል። ባለሙያዋ ቪዲዮውን አይታ «በል» የሚለውን ቃል ከቤቱ አስወጣችው። በምትኩ እናቱ እሱ ሊለው የሚገባውን እሱን ሆና ትለዋለች፦ «ክፈቺልኝ»፤ ወዲያውም ትከፍታለች፣ ምንም ሳትጠይቀው። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንዲሁ። በአራተኛው ዕቃውን ይዛ በልቧ እስከ አሥር ትቆጥራለች። ዝም ካለ በአሥረኛው «ክፈቺልኝ» ብላ ትከፍትለታለች። ባይናገርም ብስኩቱን አይከለከልም። ምግብን መያዣ ማድረግ ልጁን ያስለቅሳል እንጂ አያናግረውም።

እስከ አሥር መጠበቅ ከነገሩ ሁሉ ከባዱ ነው። አዋቂ ሰው ሳይታወቀው ሁለት ሴኮንድ ጠብቆ ራሱ ይመልሳል። በዚህ ቤት ደግሞ ችግሩ የስምንት ዓመቷ እህት ነበረች። ወንድሟን ስለምትወደው ከንፈሩ ሲነቃነቅ «ውሃ ነው የፈለገው!» ትላለች። ማንም አልተቆጣትም፣ ሥራ ተሰጣት እንጂ፦ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ በጣቶቿ እስከ አሥር የምትቆጥረው እሷ ሆነች። ሳትጨርስ ማንም አይናገርም። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ጥብቅ ዳኛ እሷ ናት፤ አባቷንም ሳይቀር ታስቆማለች።

በዘጠነኛው ቀን ልጁ «ፈቺ» አለ። ተቀባይነት አለው፣ ዕቃው ተከፈተ። እናቱ አላረመችውም፣ «አዎ፣ ክፈቺልኝ» ብላ ሙሉውን አሰማችው። በሦስተኛው ሳምንት አባቱ ተራውን ሲይዝ ራሱ «ክፈትልኝ» እያለ አሰማው፤ ልጁም ለእናቱ «ክፈቺ»፣ ለአባቱ «ክፈት» ማለት ጀመረ፣ ማንም የጾታ ትምህርት ሳይሰጠው። የአክብሮት አንቀጽ ለማስተማር ግን አልተሞከረም። ድሬ ላይ ልጅ አያቱንም «አንቺ» ይላል፤ ቤቱ የማይናገረውን «ይስጡኝ» ማሸከም ትርፍ ሸክም ነው።

አረፋ

አንድ የቡና ስኒ ፈሳሽ ሳሙና፣ ስድስት ስኒ ውሃ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር። ኩፍ እንዳይል ቀስ ተደርጎ ይማሰላል፣ ቢቻል ያድራል። መንፊያው ጫፉ እንደ ቀለበት የተጠመዘዘ ሽቦ ነው። መጀመሪያ አረፋው ከሽቦው ሳይለቅ ይፈነዳ ነበር። ምክንያቱ ሁለት ነው። የድሬዳዋ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ ማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረው ነጭ ድንጋይ ማለት ነው፣ ሳሙናንም ያደክማል። ስለዚህ ውሃው ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ከላይ ከላይ ተቀዳ። ሁለተኛው ደረቁ አየር ነው፤ የአረፋው ቆዳ ቶሎ ይደርቅና ይፈነዳል። ስኳሩ የገባው ለዚህ ነው፣ ጨዋታውም በማለዳ ጥላ ሥር ሆነ።

እናቱ አንድ ጊዜ ትነፋለች። አረፋው ይበራል፣ ይሯሯጣል፣ ያልቃል። ሽቦውን መልሳ አፏ ላይ ታስጠጋና ቀጥ ትላለች። የእህት ጣት ይቆጥራል። ልጁ በሦስተኛው ቀን «ንፊ» አለ። ከዚህ ጀምሮ ሕጉ አንድ ነው፦ እሱ ባለው ላይ አንድ ቃል ብቻ ይጨመራል። «ንፊ» ሲል «እንደገና ንፊ»። «ፈነዳ» ሲል «ትልቁ ፈነዳ»። «አየህ፣ ትልቁ አረፋ ወደ ላይ ሄዶ ግድግዳው ላይ ፈነዳ» ያለች እናት ስህተት አልተናገረችም፤ ግን ከአንድ ቃል ወደ ዘጠኝ የሚያደርስ መሰላል የለም። ልጁ ራሱ ልንፋ ሲል ስትሮ ተሰጠው። ስትሮው ከመሐሉ በመርፌ ይበሳል፤ ቢስብ እንኳ በቀዳዳው አየር ይገባና ሳሙናው አፉ አይደርስም።

አኩኩሉ በጣሳ

ሦስቱ ጣሳዎች ተደፍተው ይደረደራሉ፣ ከአንዱ ሥር ቆርኪ ይደበቃል። ፈላጊው ዓይኑን ይዞ «አኩኩሉ!» ሲል ደባቂው «አልነጋም!» ይላል፣ ሲጨርስ «ነጋ!»። ይህን ጥሪ ልጁ ከሰፈር ልጆች ሰምቶታል፤ ተራው ሲደርስ አፉ ላይ የሚመጣለት ቃል አለው። ባለሙያዋ የመረጠችው ግን በሌላ ምክንያትም ነው። «አልነጋም» «አል…ም»ን የያዘ ሁለተኛ ግሱ ሆነ። በአምስተኛው ሳምንት እህቱ ሐሰተኛ ምግብ እያቀረበች (ቆርኪ በሰሃን) «ትበላለህ?» ስትለው «አልበላም!» እያለ ይስቅ ጀመር። እምቢታው የተሸመደደ ቃል መሆኑ ቀርቶ ለየትኛውም ግስ የሚሠራ መሣሪያ ሆነለት።

የቦታ ቃላትም በዚሁ ጨዋታ መጡ፣ እኩል ግን አልመጡም። «ጣሳ ውስጥ» እና «ጣሳ ላይ» ቶሎ ያዙ፤ «ከጣሳ ሥር» እና «ከበር ኋላ» ዘገዩ። የኋለኞቹ ከፊት «ከ»ን ከኋላ ቃሉን ይፈልጋሉ፣ ልጁ በሁለት በኩል መያዝ አለበት። የመጀመሪያዎቹ «ከ» አይሹም፣ የቦታው ቃል መጨረሻ ላይ ጎልቶ ይሰማል። ስለዚህ በ«ላይ» እና «ውስጥ» ተጀምሮ ሦስት ሳምንት ተቆየባቸው። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ማምጣት በብዙ ቦታ የሚታይ ስህተት ነው። ቆርኪው ከጣሳው ሥር ሳለ እንኳ «ሥር» ለጊዜው ይሰማል እንጂ አይጠየቅም።

የትራስ ልብሱ

ማንኪያ፣ ቁልፍ፣ ካልሲ፣ ስኒ፣ ሎሚ፣ ማበጠሪያ። እጅ ይገባል፣ ይዳሰሳል፣ ይገመታል። በየሳምንቱ ሁለት ዕቃ ብቻ ይቀየራል፤ ይህን መሰል ልጅ አንድን ቃል ከእኩዮቹ በላይ ደጋግሞ መስማት ይፈልጋልና። አያቱ ስትጫወት ቁልፉ «ፉርቱ» ነው፣ እናቱ ስትጫወት «ቁልፍ»። ልጁ አልተምታታበትም፤ ማን ምን እንደሚናገር ከሁሉም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። እዚህም አደጋው ጥያቄ ማብዛት ነው። «ምንድን ነው? ምን ይሠራል? ቀለሙስ?» ጨዋታውን ችሎት ያደርገዋል። በሦስት ወሬ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ይበርዳል። ኡ፣ ስለታም ነው። ጥርስ አለው። ምን ይሆን?» እህቱ ደክማ የሣለቻቸው 20 የሥዕል ካርዶች በሁለተኛው ሳምንት የቀሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ካርድ ሲያዝ ሁሉም ሰው ይጠይቃል።

የአያት ሆጃ

ከሁሉም የተሻለው ሰዓት ግን ማንም ያላቀደው ነበር። አያቱ ጠዋት ጠዋት ሆጃ፣ ከቡና ገለባና ከወተት የሚፈላውን መጠጥ፣ ታፈላለች። በመጀመሪያው ወር ከተላኩት ቪዲዮዎች አንዱ ላይ፣ ከበስተኋላ፣ ልጁ ከማንም ጋር ካወራው ይበልጥ ከእሷ ጋር ሲያወራ ተሰማ። ባለሙያዋ የጠዋቱን አሥር ደቂቃ ከእናቱ ወስዳ ለአያቱ ሰጠች።

ሆጃ ለቋንቋ ሥራ የተመቸ ነው፤ በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው፣ ቅደም ተከተል አለው፣ መጨረሻው ይጠጣል። ውሃው፣ የቡናው ገለባ፣ ወተቱ፣ ጨው ወይም ስኳሩ። ልጁ ከምድጃው ሁለት እርምጃ ርቆ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ መስመሩ በፕላስተር መሬት ላይ ተሠምሯል፣ ሥራው አቀባይነት ነው። አያቱ የምታደርገውን እያደረገች ትናገራለች፣ አጫጭር አድርጋ፣ በኦሮምኛ። በሁለተኛው ሳምንት መርሳት ተማረች። ውሃ ሳትጨምር ድስቱን ትጥድና ቁጭ ትላለች። ልጁ ድስቱን ያያል፣ እሷን ያያል፣ «አኮ! ቢሻን!» (አያቴ! ውሃ!) ብሎ ይጮሃል። ሌላ ቀን ወተቱን ትረሳለች፣ «አናን!»። ከሳምንት በኋላ «አናን የለም» አለ፤ የአያቱን ቋንቋ ስም ከእናቱ ቋንቋ ግስ ጋር አጋጥሞ የሠራው ሁለት ቃል። ሁለት ቋንቋ ማቀላቀል በሁለት ቋንቋ መካከል ለሚያድግ ልጅ የተለመደ ነው፣ እርማት አይፈልግም። ሁለት ቃል መግጠም መቻሉ ነው የተመዘገበው።

ክፍሉ

ክፍሉ ውስጥ 47 ልጆች አሉ፣ ቲቸሯ አንዲት ናት። አሥር ደቂቃ ለብቻው ስጪው ማለት ቀልድ ይሆን ነበር። የተጠየቀችው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ የኦሮምኛው «ና» ምን ማለት እንደሆነ አውቃ «ስጪኝ? እሺ» እያለች የጠየቀውን እንድትሰጠው። ይህ ብቻውን በሁለት ሳምንት መጎተቱን ከግማሽ በታች አወረደው። ሁለተኛ፣ ጠዋት ክሬን አዳዩ እሱ እንዲሆን። አሥር ልጆች አንድ በአንድ «ስጠኝ» ይሉታል፣ እሱ «እንካ»፣ «እንኪ»፣ «የለም» ይላል። አሥር ጊዜ ተመሳሳይ ልውውጥ፣ ለአስተማሪዋ ምንም ተጨማሪ ሥራ የለውም።

በነጻ ሰዓት ጥግ ላይ ሱቅ ተከፈተ። ባዶ ካርቶኖቹ ዕቃ፣ ቆርኪው ብር። ባለሱቁ እሱ ነው፣ ሦስት ልጆች ይገዛሉ። ባለሱቅ መሆን ለጀማሪ ይቀላል፤ ገዢ ቃሉን ራሱ ማምጣት አለበት፣ ባለሱቅ ግን «ሳሙና አለ?» ሲባል ሰምቶ «አለ» ወይም «ሳሙና የለም» ይላል። ከአሥር ቀን በኋላ ተራ ተቀያየሩ። መጀመሪያ ስድስት ልጅ ገብቶ ነበር፤ ግፊያ ሆነ፣ እሱም ጥግ ያዘ። ሦስት ይበቃል።

ውጤቱና የቀረው

ከታሰበው 120 ጊዜ እናቱ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደረገችው 83ቱን ነው። ሰባተኛው ሳምንት ሙሉ በትኩሳት ሄደ። ሲመለስ ቃሉ አልጠፋም፣ ራሱ ጀምሮ መጠየቁ ግን ቀንሶ ነበር፤ ወደ ተከደነው ዕቃ አራት ቀን ተመልሰው ደግመው አነሡት።

በ12ኛው ሳምንት መጨረሻ ቪዲዮው እንደ መጀመሪያው፣ 15 ደቂቃ፣ ከእህቱ ጋር፣ እዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀረጸ። ሙከራው 68 ሆነ፦ 6ቱ ያለ ቃል፣ 21ዱ አንድ ቃል፣ 29ኙ ሁለት ቃል፣ 12ቱ ሦስትና ከዚያ በላይ። የወጥ ቤቱ በር ወረቀት ላይ በሁለቱ ቋንቋዎች ስም ያላቸው ነገሮች ከ82 ወደ 164 አድገዋል። አንድ ልጅ ነው፤ በነዚህ ሦስት ወራት ዕድሜው ጨምሯል፣ ከትምህርት ቤትም ተላምዷል፤ ስለዚህ ለውጡን ሁሉ ለጨዋታዎቹ መስጠት አይቻልም። «ክፈቺልኝ»፣ «አልበላም»፣ «ሳሙና የለም» ግን ከየት እንደመጡ በቀናቸው ተጽፎ አለ።

ልጁ ከእኩዮቹ ጋር ገና አልደረሰም። ያለፈ ጊዜና የወደፊት አይለይም፣ «መጣ»ን ለሁሉም ያደርገዋል። ረዥም ነገር ሲነግር የማያውቀው ሰው ግማሹን አይረዳውም። «ጠ»፣ «ጨ» እና «ቀ» አሁንም ልል ናቸው፤ ለጊዜው አይነኩም፣ ቃልና ዓረፍተ ነገር ይቀድማል። ባለሙያዋ ለክረምቱ ያስቀመጠችው አንድ ሥራ ነው፦ ማታ ከእራት በፊት ሦስት ቆርኪ በተራ ተቀምጦ፣ ዛሬ የሆኑ ሦስት ነገሮች በየቆርኪው ይነገራሉ፣ መጀመሪያ እህቱ፣ ቀጥሎ እሱ። ጠዋት ደግሞ አያቱ ሆጃውን ካፈላች በኋላ «ምን አደረግን?» ብላ ትጠይቀዋለች፣ እህቱም ጣቷን ትቆጥራለች።